በኅዳር ሚካኤል ያልታጨደ ሩዝ

ሰው ሥራ ይዟል የሚባለው መቼ ነው? እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ወረታ ላይ ሥራ ይዟል ለመባል ወይ ጠዋት ከቤት መውጣት ወይ ማታ ቆሽሾ መግባት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ያላሟላ ሰው ያው ተቀምጧል ነው። ባጃጅ ነጂው ሥራ አለው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገናኙበት ቆሞ ለጭነት መኪና እጁን የሚያውለበልበው ደላላ እንኳ ሥራ አለው፤ ሌላው ቢቀር ፀሐይ ይመታዋል። እኔን ግን ፀሐይ አይመታኝም።

ጸሐፊ ነኝ። ማለቴ፣ ልሆን እየሞከርሁ ነው። ለማንም ሳልቀጠር ላዘዘኝ ሁሉ እጽፋለሁ። የተማረው ፍሪላንሰር ይለኛል፣ የሰፈሬ ሰው ደግሞ "ያ ቤት የሚውለው ልጅ" ይለኛል። የዚህ ሥራ ችግር መብራት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መብራትስ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጽሑፍ ልካችሁ "ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ከተባላችሁ በኋላ የሚከተለው ዝምታም ቀስ በቀስ ይለመዳል። የማይለመደው "ቤት ነህ አይደል?" የምትለዋ ጥያቄ ናት። ቤት ነህ አይደል፣ ውሃ ሲመጣ ጀሪካኔን ሙላልኝ። ቤት ነህ አይደል፣ ያሰጣሁትን በርበሬ እየው። ቤት ነህ አይደል፣ ለልጄ ሠርግ የሚነበብ ነገር ጫር ጫር አድርግልኝ፣ ላንተ ምን አላት።

በዚህ ላይ ጌም እወዳለሁ። አልክድም፣ አጥብቄ ነው የምወደው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጽፌ ሩብ ሰዓት ልጫወት ብል፣ ሰው በሬን ከፍቶ የሚገባው በዚያች ሩብ ሰዓት ነው። ሦስቱን ሰዓት ያየልኝ አንድም ምስክር የለኝም። ስለ ጌም የሚጽፍ የኢንተርኔት መጽሔት አግኝቼ መጫወቴም ሥራዬ እንደሆነ ለማስረዳት ስሞክር ደግሞ ሰው የሚያየኝ ጠላ ቤት ውሎ "የገብስ ጥናት ላይ ነኝ" እንደሚል ሰው ነበር።

አከራዬ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። ስድሳን አልፈዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ ጣና ወረድ ብሎ ያለውን የሩዝ ማሳቸውን ራሳቸው ያሠራሉ፤ የሰው እጅ ሲያጥር ማጭዳቸውን ይዘው እሳቸውም ያጎነብሳሉ። ነገር አያበዙም። ጥቅምት ላይ ሩዙ ሲያሸት ግሪሳ መጣ፤ ማማ ላይ የሚወጣ ወፍ ጠባቂ ደግሞ ጠፋ። በሬ ላይ ቆመው፣ "ቤት ነህ አይደል?" አሉኝ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ፎገራ ተወልጄ አድጌ ሩዝ ማሳ ውስጥ ሙሉ ቀን ስውል ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንጭፍ አልችልበትም። ሁለት ቀን ሙሉ ማማ ላይ ቆሜ ጣሳ ስደበድብ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ ዋልሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ስንመለስ እትዬ ዘነቡ፣ "ወንፈል ነው። ሁለት ቀን አለብኝ" አሉ። ወንፈልን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ አንተ ከእኔ ማሳ፣ ነገ እኔ ካንተ ማሳ ነው። ማሳ ለሌለው ሰው ምን ሊመልሱለት ነው ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በጥቅምት መጨረሻ ከመጽሔቱ አርታኢ መልእክት ደረሰኝ። አንድ የእርሻ ጌም ከዘር እስከ አጨዳ ተጫውቼ የየቀኑን ውሎዬን እንድጽፍ፣ ከጽሑፉም ጋር የአዝመራውን ፎቶ እንዳያይዝ፣ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ይልቅ የእኔን ከወደዱት በየወሩ ቋሚ ቦታ እንደሚሰጡኝ ይላል። ቋሚ የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አልነግራችሁም። ለታላቅ ወንድሜ ቃል ገብቼለት ነበር፤ እስከ ገና ቋሚ ነገር ካላገኘሁ መጻፉን ትቼ በእሱ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ልቀመጥ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን ለሚዛን አልተፈጠርሁም።

ጌሙ በእውነተኛው ቀን የሚሄድ ነው። ሩዝ ዘራሁ፤ ሌላ ምን ልዘራ። አሥር ቀን ይጠበቃል። መሐል ላይ ወፎች ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ ነካ እያደረጉ ማባረር ነው። በአሥረኛው ቀን ቢጫ ሲሆን የማጭዷን ሥዕል ተጭኖ ማጨድ ነው። በዚያው ቀን ካልታጨደ በማግስቱ ይረግፋል፣ ድጋሚ የለም። ጽሑፉ የሚገባው ደግሞ በዚያው በማግስቱ ማታ፣ ኅዳር አሥራ ሦስት ነው።

ሁሉም በደንብ እየሄደ ሳለ አንበሳሜ ያለችው አክስቴ ለኅዳር ሚካኤል ዝክሯ ጠራችኝ። አክስቴ ዝክር ቀርቶባት ዓመት የምታኮርፍ ሴት ናት። ላፕቶፔ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከግድግዳው ከተነቀለ አንድ ደቂቃም አይቆይ። ያን ጊዜ ወንፈሉ ትዝ አለኝ። ኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት እትዬ ዘነቡን ጠርቼ ወፎቹን አሳየኋቸው፣ ማጭዷን አሳየኋቸው።

"ይኼ ሥራ ነው?" አሉኝ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው።

"ሥራ ነው እትዬ። እንጀራዬ እዚህ ላይ ነው ያለው።"

"እንግዲያስ ሂድ። ካንተ ማሳ እኔ አለሁ።"

"ነገ ቢጫ ሲሆን ይቺን ይጫኑ። አደራ፣ አንድ ቀን አያድርም።"

"ነገ?" አሉ። ነገ አልኋቸው። ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድሁት።

አንበሳሜ ላይ የሚካኤልን ድግስ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመረቅሁ። ሚካኤል ላፕቶፔ ውስጥም ይከበራል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብሁም።

በአሥራ ሦስት ጠዋት ስደርስ እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። ማሳዬ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። "አዝመራው ረግፏል" የሚል ጽሑፍ መሐሉ ላይ ወጥቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልሁ። ዓይኔ ላይ የመጣው የወንድሜ ሚዛን ነው።

"ወፍ አላስነካሁም" አሉ እትዬ ዘነቡ። "በቅዳሴ ሰዓት የገቡ ጥቂቶች ናቸው የቀመሱት። ለእሱም ይቅርታ አድርግልኝ። ከቅዳሴ መልስ እስኪመሽ እዚሁ ነው የዋልሁ።"

"ታዲያ ለምን አላጨዱትም?"

"ኅዳር ሚካኤል ነበር እኮ።"

በትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አደረግሁት። "እትዬ፣ ጌም ነው እኮ። እርሻ አይደለም። ጨዋታ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ጨዋታ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "ጨዋታማ ቢሆን በሚካኤል ማን ይከለክለዋል ልጄ? አገሩ ሁሉ ሲጫወት ነው የዋለ። ሥራ ነው፣ እንጀራዬ ነው ያልኸኝ አንተ ነህ። ወፍ መጠበቅ በበዓልም ይቻላል፣ ጠበቅሁልህ። ማጭድ ማንሳት አይቻልም፣ አላነሳሁም። ለራሴም ማሳ አላነሳሁም። ካቻምና በጥቅምት መድኃኔ ዓለም የደረሰ ሩዜ ቆሞ ደመና መጣ። ጎረቤቶቼም እኔም ቆመን አየነው። ሌሊቱን ወረደበትና ግማሹ ጭቃ ውስጥ ቀረ። የራሴን ያላጨድሁ ሴት ያንተን ላጭድብህ?"

ዓመት ሙሉ ሥራዬን ጨዋታ የሚለኝን ሁሉ ስራገም ከርሜ፣ ጨዋታ ነው ያልሁት እኔው ራሴ። እኚህ ሴት ግን ፊደል እንኳ በቅጡ ሳይለዩ፣ የእኔን የመስታወት ሩዝ ከራሳቸው ሩዝ እኩል አስቀምጠው፣ ራሳቸው በከሰሩበት ሕግ ጠበቁት። ወረታ ላይ ሥራዬን ሥራ ብሎ የቆጠረ የመጀመሪያው ሰው አዝመራዬን ያጠፋው ሰው ሆነና አረፈው። አፈርሁ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በሬ ላይ ስላለ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ ስሜት እንዴት ባንድ ሆድ እንደተቀመጡ አልጠየቅሁም።

ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች አይደል የሚባለው? ያን ቀን ቁጭ ብዬ የሆነውን እንደሆነ ጻፍሁት። የረገፈውን ማሳ ፎቶ አያይዤ ላክሁና፣ ለወንድሜ ደውዬ ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። አርታኢው "አዝመራ ካመጡት ሁሉ ያንተን ነው ሁለት ጊዜ ያነበብነው" ይላል። ቋሚው ቦታ ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በአራት ቀን ውስጥ ይፈልጉታል። እትዬ ዘነቡ ሲሰሙ "ተመስገን" ብቻ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጀሪካን ይዞ ለሚመጣው ሁሉ በሩ ላይ ቆመው "ሥራ ላይ ነው፣ አትግባበት" ይሉልኝ ጀመር። ሰዉም እሳቸውን አምኖ ይመለሳል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የጽሑፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበርሁ። እትዬ ዘነቡ ነጭ ለብሰው ገቡና ላፕቶፑን ከደኑት።

"ጽዮን ማርያም ናት" አሉ።

"እትዬ፣ ዛሬ ነው የሚገባው።"

"ትናንት ምን ስትሠራ ዋልህ?"

ትናንት ስጫወት ነው የዋልሁት። አልነገርኋቸውም።

"መጫወት ካማረህ ተጫወት፣ ጨዋታ አይከለከልም" ብለውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ለዚህ መጽሔት መጫወቱም ራሱ ሥራ እንደሆነ ላስረዳቸው አስቤ ነበር፤ ደግነቱ አፌ ቶሎ አልተከፈተም። ያንን ቢሰሙ ኖሮ እሱንም ይከለክሉኝ ነበር። ሸሚዝ ቀይሬ ተከተልኋቸው። መንገድ ላይ ባጃጅ ነጂው፣ ደላላው፣ ባለ ሱቁ፣ ሁሉም ሥራ ፈቶ ቆሟል፤ እኔም መሐላቸው ቆምሁ። ጽሑፉን በማግስቱ ላክሁና የዘገየሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፍሁ፤ "ትናንት በዓል ስለነበር ሥራ አልገባሁም።" እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በዕድሜዬ ጽፌ አላውቅም። ሥራ ፈት ሰው በምን ዕድሉ ይጽፈዋል?