የመስኮቱ ጭማሪ

እኔ የምለው፣ የሰው ፊት ማየትም ያስከፍላል እንዴ?

ያስከፍላል አሉኝ። የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የቆረጠ ሰው ቅናሽ አለው። መናኸሪያ ድረስ ወርዶ በመስኮት የቆረጠ ግን ይጨመርበታል። ያው አውቶቡስ፣ ያው ወንበር፣ ያው አቧራ! ልዩነቱ አንድ ኪሎ ስኳር ይገዛል። እኔን የገረመኝ ስኳሩ አይደለም። ድሮ እኮ ዋጋ የሚቀነስለት ደህና አደራችሁ ብሎ፣ ልጆቹን ጠይቆ፣ ትንሽ ተጫውቶ የሚገዛ ሰው ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ ስልክ ለሚነካካ ሆነ።

ይታይሽ እባላለሁ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል። ተወልጄ ያረጀሁት እዚሁ ላሊበላ ነው። አረጀሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲለኝ አልፈቅድም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ግማሹን በእንቅልፍ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ካገኛችሁ ያስተማሩኝን ውቀሱ።

የእኛ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ደምሌ ይባላል። ያ መስኮት ከተከፈተ ጀምሮ ከኋላው የተቀመጠው እሱ ነው። ድሮ ጸጉሩ ጥቁር ነበር፣ አሁን እስክሪብቶው ብቻ ቀርቷል ጥቁር። ደምሌ ትኬት የሚቆርጠው ፊት አይቶ ነው። መኪና የሚያዞራትን ከመስኮት በኩል ያስቀምጣል። እግሩን የሚያመውን ከፊት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች ሴት ካየ ደግሞ ሰልፉን አይጠብቅም፤ አንገቱን አውጥቶ ይጠራታል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው አይሰለፍማ! ሰልፈኛውም ነፍስ ይማር ብሎ መንገድ ይለቃል። ማንም ተራዬ ተነካ አይልም ነበር።

አንዴ በድንበር የተካሰሱ ሁለት የኩልመስክ ሰዎች ለበዓል መጥተው፣ ከዚሁ ወልዲያ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ትኬት ሊቆርጡ ቀረቡ። አንደኛው ከዚያ ሰውዬ አርቀህ አስቀምጠኝ አለው። ሁለተኛውም ያንኑ አለው። ደምሌ ሁለቱንም እሺ እሺ ብሎ ጎን ለጎን ቆረጠላቸው። አንደኛውን መንገዱ ያዞረዋል። ሁለተኛው ሎሚ ይዟል። ባላንጣህም ቢሆን አጠገብህ እያስመለሰው ሎሚ ትከለክላለህ? ወልዲያ ሲደርሱ ፍርድ ቤቱን አልፈው ምሳ ቤት አብረው ገቡ አሉ። እስቲ ስልኩ ይህን ያድርገው!

ታዲያ ዘንድሮ በስልክ ቆርጫለሁ ብል፣ ደምሌን ይህን ያህል ካመሰገንሽ ለምን ከእሱ አልቆረጥሽም ትሉኛላችሁ። እሱን አትንኩብኝ ልል ነበር፣ ግን ካልነገርኳችሁ ወሬው አይሄድም።

ደምሌ በወጣትነቱ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። አባቴም ደስ ብሎት ነበር፤ የእኔን ደስታ ማንም አልጠየቀም እንጂ እኔም አልከፋኝም። ያን ጊዜ ደግሞ ኮከብ ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። የእኔ የክርስትና ስም ከእናቴ ስም ጋር ለደብተራው ተነገረ፣ የእሱም እንዲሁ። ደብተራው ቆጠረ፣ ደመረ፣ ገደፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። እሷ እሳት እሱ ውሃ፣ ኮከባቸው አይገጥምም አለ። በቃ፣ ቀረ። ኋላ ኮከቡ ከኮከቤ የገጠመ ሰው አገባሁ። ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ በገጠመ ኮከብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንጣላ ኖርን። ደምሌም አግብቶ ወለደ፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ ፊት ስቆም አፌ አያርፍም። እሱም አይመልስልኝም፣ ዝም ብሎ የፊት ወንበር ይቆርጥልኛል።

ዘንድሮ ደሴ ያለችው የሟች እህቴ ልጅ ሴት ወለደች። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ፣ ቃል ገብቻለሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ ሰማንያ አንድ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ያረፈችው የእህቴን ክርስትና ሳታይ ነው። እህቴም የልጅ ልጇን ሳታይ ሄደች። እኔ ካልደረስኩ ያቺን ሕፃን ከእኛ ቤት ማን ሊያቅፋት ነው? የባል ወገን!

ትኬት ልቆርጥ ስነሳ የንስሐ አባቴን ቄስ ምስጋናውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው የላከችላቸውን ስልክ ይዘዋል። ለምን ትለፊያለሽ፣ በዚህ ይረክሳል አሉኝ። እኔም ርካሽ ነገር ሲባል እግሬ ይቆማል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ እንደገና ቆመው፣ ቆረጡልኝ። እኔ ገንዘቡን ሰጠኋቸው፣ ቁጥሩ በኔ ትንሿ ስልክ ላይ መጣ። ሌላ ምንም የለውም፣ ቁጥር ብቻ።

እዚያው ወደ ቤቴ ብገባ ምን ነበረበት? የለም፣ በመስኮቱ በኩል ዞርኩ። ስልኬን አውጥቼ በመስታወቱ በኩል ለደምሌ አሳየሁት።

«አያ ደምሌ፣ መስኮትህን ዝጋና ጸበልህን ጠጣ እንግዲህ። እኛ ሠልጥነናል!»

አየኝ፣ ሳቅ አለ። «ይሁን ይታይሽ። ስልኩ ያድርስሽ» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። ማግስቱ ሰባ ዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ስም ይጠራል። ጠራ ጠራ፣ ሰው ገባ ገባ። አንድ ስም ላይ ቆመ።

«ወለተ ሥላሴ! ወለተ ሥላሴ ገብረ መድኅን!»

ማንም አቤት አላለም። ደግሞ ጠራ። ዝም። እኔ አጠገቤ ላለችው ሴትዮ፣ ምን ያለችው እንቅልፋም መነኩሴ ናት አገር ሙሉ የምታስጠብቅ፣ ትተዋት አይሄዱም እንዴ አልኳት። ሴትዮዋም እውነትሽን ነው አለችኝ። ረዳቱ ስሟን አልፎ ጨረሰ። የእኔ ስም አልተጠራም። ይታይሽ የሚባል የለም አለኝ። ቁጥሬን አሳየሁት። አይቶ አይቶ፣ «እማማ፣ ይሄ የወለተ ሥላሴ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንቅልፋሟ መነኩሴ ለካ እኔ ነኝ!

ቄስ ምስጋናው ምን ያድርጉ? ከተዋወቅን ጀምሮ በክርስትና ስሜ ነው የሚያውቁኝ። ኑዛዜዬንም፣ ጸሎቴንም በእሱ ነው የሚያደርሱልኝ። ስልኩ ሙሉ ስም ሲላቸው ሙሉውን ሰጡት፣ የአባቴንም በየዓመቱ በሙት ዓመቱ የሚያነሱትን ስም ጨምረው። እግዚአብሔር ፊት ልክ ናቸው። መናኸሪያ ፊት ግን ተሳስተዋል።

መታወቂያዬን ሰጠሁት። ይታይሽ ይላል። «ስሙና መታወቂያው አይገጥምም እማማ።»

«እማማህ ቤት ናት። ወለተ ሥላሴ እኔው ነኝ!»

«ታዲያ ሲጠራ ለምን ዝም አሉ?»

ነገሩ እውነት ነው። የክርስትና ስም በየመናኸሪያው ሲጠራ አቤት ተብሎ አያውቅማ። ቄስ ምስጋናውን ላስደውል ብል ቅዳሴ ገብተዋል፣ ስልካቸው ተዘግቷል። ሌላ ትኬት ልቁረጥ ብል መኪናው ሞልቷል። የነገው መኪና በሰማንያኛው ቀን ማታ፣ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው የሚገባው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እኔ፣ አፈኛዋ ይታይሽ፣ ነጠላዬን ይዤ ቆምኩ።

መስኮቱ ተከፈተና ደምሌ አንገቱን አወጣ፣ ልክ ለለቅሶኛ እንደሚያደርገው።

«አንተ፣ ምን ሆናችሁ?»

ረዳቱ ነገረው። ደምሌ በሩን ከፍቶ ወጣ። እንዲያ ሲወጣ አይቼው አላውቅም፣ ከመስኮቱ በታች እግር እንዳለው ረስቼ ነበር።

«ወለተ ሥላሴ ናት» አለ።

«ጋሼ፣ በምን ያውቃሉ?»

መኪናው ሙሉ ሰው አንገቱን ሰገግ አድርጓል። ደምሌ ጮክ ብሎ፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ፣ «ላገባት ብዬ ኮከብ ያስቆጠርኩት በዚህ ስም ነው። እንዴት እረሳዋለሁ?» አለ።

ኧረ የሰው ጫጫታ! አንዲት ሴት እልል አለች። አንዱ ከኋላ፣ ታዲያ ምን ወጣ አለው። ውሃና እሳት አለ ደምሌ፣ ወረቀት ላይ ሁለቱም ስም የአንድ ሴት ነው ብሎ ጽፎ ማኅተሙን እየመታ። ረዳቱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እሳቷስ እርስዎ ነዎት፣ ይግቡ» አለኝ።

ደረጃው ላይ እንዳለሁ ደምሌ መቼ ትመለሻለሽ አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ስሜን ይዞ ለቆየ ሰው ደህና መልስ ይገባው ነበር። የኔ አፍ ግን፣ «ስልክህ ላይ ፈልገው» ብሎት ገባ።

ደሴ ደረስኩ። ሕፃኗን በሰማንያ ቀኗ አቀፍኳት፣ የባል ወገን ዳር ቆሞ አየ። የክርስትና ስሟንም ለእናቷ አደራ አልኳት፣ ለማን እንደምትነግሪ እወቂ፣ አንዳንዱ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ ወልዲያም ልሂድ፣ ደሴም ልሂድ፣ አንድ ቀን ቀደም ብዬ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ጭማሪውን እከፍላለሁ። ደምሌ አሁንም ስንት ልቁረጥልሽ ይለኛል፣ ብቻዬን እንደምሄድ እያወቀ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ እናንተ በስልክ ቁረጡ፣ ይረክሳል። መስኮቱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ሰልፍ አልወድም።