መጋረጃው፣ ኳሱና የሸውቂ አንዲት መስመር

ቀን፦ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ
ቦታ፦ አሌክሳንድሪያ፣ የሐጅ ባህጋት ሳሎን

የተገኙ፦
ሐጅ ባህጋት፣ ሰብሳቢ (የመረጣቸው የለም፤ የቤቱ አባወራ ናቸው)
ወ/ሮ ኢናያት፣ ባለቤታቸው፣ አባል
ዳሊያ፣ ልጃቸው፣ አባል
ራኡፍ፣ የዳሊያ እጮኛ፣ የካይሮ ልጅ፣ ተከሳሽና ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ሸውቂ፣ የወ/ሮ ኢናያት ወንድም፤ እዚያው ቤት ክፍላቸውን ዘግተው አኩርፈዋል።

ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ትናንት ቤተሰቡ አብሮ የተዝናናበትን ቀን ማን እንዳበላሸው ተጣርቶ እንዲወሰን አሳስበው ስብሰባውን ከፈቱ።

አጀንዳ 1፦ ገበያ

ለዳሊያ አዲስ ጎጆ የሚሆን መጋረጃ "ቶሎ ገዝተን እንወጣለን" ተብሎ ረፋዱን ሁሉ እንደበላ ሰብሳቢው ገለጹ። ወ/ሮ ኢናያት ገበያውን በሙሉ ዞረው መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ካዩት ሱቅ መግዛታቸው ጥንቃቄ እንጂ ጥፋት አለመሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው "ታዲያ ያኔውኑ አትገዢውም ነበር?" ብለው ሲጠይቁ፣ "ሐጂ፣ አንተንስ ሳላማርጥ አግብቼ ምን አተረፍኩ?" የሚል ምላሽ ተሰጥቷል። ሰብሳቢው ማብራሪያው በቂ ነው ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ወ/ሮ ኢናያት ዳግመኛ መጋረጃ እንዳይገዙ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ኳስ

ከገበያው በቀጥታ ኳስ ለማየት ተሂዶ የመጋረጃው ጥቅል በስታዲየሙ በር ሲያዝ ሰብሳቢው ለጠባቂው "ባንዲራ ነው" ማለታቸውን ወ/ሮ ኢናያት አስመዘገቡ። ይህንኑ ያመኑ ደጋፊዎች ባለ ጽጌረዳውን መጋረጃ ዘርግተው እስከ ዕረፍት አውለብልበውታል። ሰብሳቢው ይህ የከተማችንን ቡድን እንዳነቃቃ ተናግረዋል። ቡድናችን ተሸንፏል።

ቀጥሎ የጸሐፊው ጉዳይ ታየ። የካይሮው ቡድን ግብ ሲያገባ ጸሐፊው በአሌክሳንድሪያ ደጋፊዎች መሀል ብድግ ማለቱ ተረጋገጠ። ጸሐፊው እግሩ ደንዝዞ እንደነበር አስረዳ። "እግርህ ቢደነዝዝ እጅህን ምን አስጨበጨበው?" ተባለ። ዳሊያ "አባዬ፣ በቃ ተወው! የማገባው እኔ ነኝ" ብትልም ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሎ ታልፏል። ሰብሳቢው "ግቡ ሳይመለስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" በማለታቸው ቤተሰቡ ወደ ሸውቂ ቲያትር ዘግይቶ መሄዱን ግን ማንም ለማንሳት አልደፈረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ እጮኝነቱ እስከሚቀጥለው የውድድር ዘመን እንዲታገድ በአንድ ድጋፍና በሦስት ተቃውሞ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ቲያትር

ሸውቂ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያ የመድረክ ሚና የአሽከር ነው፤ ንግግራቸውም አንዲት መስመር ናት፦ "ማንም አልመጣም፣ ጌታዬ።" መታጠቢያ ቤት ሆነው ሲለማመዷት ሕንፃው በሙሉ ሸምድዷታል። ትናንት ግን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ቤተሰቡ ጥቅሉን ተሸክሞ በአዳራሹ መሀል ሲገባ አዩ። "መጥተዋል ጌታዬ! ሁሉም መጥተዋል!" ብለው ጮኹ። ጌታቸውን የሚጫወተው ተዋናይ የሚለው ጠፍቶት "እንግዲያው... ይግቡ" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አዘጋጁ አልሳቀም።

ሸውቂ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ሌላ ነገር እንዲፈልጉ ሊወሰን ሲል የክፍላቸው በር ተከፈተ። የመናገር ዕድል ሳይሰጣቸው ተናገሩ፦

"ባህጋት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የያዝኩላችሁ ወንበር ባዶውን ነበር። ቲያትሩ ከተጀመረ ጀምሮ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ማንም አልመጣም ማለት ለእኔ ድርሰት አልነበረም እኮ! ስትገቡ ሳይ ደስታዬ አፌን ቀደመው።"

ወ/ሮ ኢናያት በአጀንዳው ባልተያዘ ምክንያት መሀረብ ጠየቁ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው "አዘጋጁ አባረረህ?" አሉ።

"ዛሬ ማታ አንድ ዕድል ሰጥቶኛል። ግን እናንተን ፊቴ አስቀምጬ አልመጡም ማለት እንዴት ይሆንልኛል?"

"አንተ ሰው! አጎቴ ከገጠር ሲመጣ ፊት ለፊቴ ቆመህ 'ባህጋት ቤት የለም' የምትልልኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እንደዚያው በል።"

ከአጭር ውይይት በኋላ፦

ሀ) ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።
ለ) አባላት በሙሉ ዛሬ በጊዜ ሄደው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ።
ሐ) ዳሊያ የአጎቷን ሸሚዝ ትተኩሳለች።

ስብሰባው ዐሥር ሰዓት ላይ ተጠናቋል። ሰብሳቢው የመዝጊያ ንግግር አድርገዋል፤ አባላት ጫማ ፍለጋ ላይ ስለነበሩ አልተሰማም።

ጸሐፊ፦ ራኡፍ፣ እጮኛ (እገዳው የተነሣለት)