ባሌን በፈረንሳይኛ ላሳስረው ነበር

ዛሬ ባሌ በአንድ ጠዋት አባት ሆነ፣ ከዚያ ወንጀለኛ ሆነ፣ ከዚያ ሁለቱም ቀረበት።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በፈረንሳይኛ!

ቆዩ፣ ሳቁን ለኋላ አቆዩት። እኔ በፈረንሳይኛ የቤት ኪራይ የምከፍል ሰው ነኝ። አዲስ አበባ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ላይ ኮል ሴንተር አስቀጠረኝ። ቀኑን ሙሉ ሄድሴት ደፍቼ፣ ፈረንሳይ አገር ዕቃ አዘው የዘገየባቸውን ሰዎች ሳባብል እውላለሁ። "እሽግዎ መንገድ ላይ ነው እመቤቴ" ማለትን እንደኔ የሚያሳምረው የለም።

ግን አንድም ደንበኛ ደውሎ "ጎንሽን አሞሽ ያውቃል ወይ?" ብሎኝ አያውቅም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ቀኝ ጎኔን አንድ ነገር ወጋኝ። ለቀቀኝ። ደግሞ ወጋኝ! ወደ ጀርባዬ ዞረ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ መጣ። የዕቃ ማጠቢያውን ይዤ እጥፍ አልኩ።

ባሌ ደሴ መጀመሪያ ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት "ይሄ ደግሞ የየት አገር ጭፈራ ነው?" አለኝ። ላቤን ሲያይ ግን ደነገጠ። ካትሌሆንግ ሰፈር ያለውን ሱቁን እንዲከፍትለት ለአጎቱ ልጅ ደወለና መኪና ውስጥ አስገብቶኝ በረረ።

ዮቪል የሚባል ሰፈር አንድ ኮንጎአዊ ዶክተር ጋ ሄድን። እንግሊዝኛው ከእኔም ከእናንተም ይሻላል። ይህን አስምሩበት!

"ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ አልነገርሽውም?" ትሉኛላችሁ።

ባሌን ጠይቁት! ገና ከመግባታችን ደረቱን ነፍቶ "ዶክተር፣ ማይ ዋይፍ ስፒክስ ፍሬንች! ፕሮፌሽናል!" አይለው መሰላችሁ?

ዶክተሩ ፊቱ በራ። "ማዳም! ኮማንታሌ ቩ?" እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

እኔ ደግሞ እጥፍ ብዬ፣ በላብ ተጠምቄ፣ "ትሬ ቢያን፣ ሜርሲ፣ ኤ ቩ?" አልኩት። በጣም ደህና ነኝ፣ እርስዎስ!

ምን ላድርግ? ሰላምታ ነዋ! "እግዚአብሔር ይመስገን" ሳይባል ወደ በሽታ የሚገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"ታዲያ ምን አመጣሽ?" አለኝ፣ አሁንም በፈረንሳይኛ።

ባዶ። ጎን ምን ይባላል? ጀርባስ? ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እሽግ፣ መዘግየት፣ የትዕዛዝ ቁጥር ብቻ! አፌ ብቻውን ተነሥቶ "ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ።

እውነቴን ነው። አለ!

ደሴ አንድም ቃል ሳይገባው በኩራት ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚያ ከትምህርት ቤት የቀረ ነገር ትዝ አለኝ። "ማል" ሕመም ነው፣ "ኬር" ልብ ነው። ውጋቱ ደግሞ ልቤ ድረስ ነው የሚሰማኝ። "ጄ ማል ኦ ኬር!" አልኩት፣ ራሴን እያደነቅኩ።

ለካ "ልቤን አመመኝ" ማለት አይደለም። "አቅለሸለሸኝ" ማለት ነው!

ፍረዱኝ እስኪ። ልብ ብሎ ሆድ ማለት ምን የሚሉት ቋንቋ ነው? (እሺ፣ እኛም "ሆዴ ባባ" እንላለን። ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉት!)

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ የወር አበባዬን ጠየቀኝ። ትንሽ ቀን አልፎት ነበር። መዘግየትን ደግሞ በፈረንሳይኛ ማን እንደኔ ይናገራል? በሚያምር አነጋገር አስረዳሁት።

ወደ ደሴ ዞረና በእንግሊዝኛ "ሜይቢ ኤ ቤቢ፣ ፓፓ!" አለው።

ከተጋባን ጀምሮ ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። የደሴ ዓይን ሞላና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እኔ ግን እየሞትኩ ነው! አቅለሸለሸኝ አላልኩ፣ ወጋኝ ነው የምለው!

መውጋት... መውጋት... ከዜና የለቀምኩት ቃል ብልጭ አለልኝ። ጎኔን ይዤ "ኦን ማ ፖኛርዴ!" ብዬ ጮህኩ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"የት ነው የተወጋሽው?"

"ቤት። ኩሽና ውስጥ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። ደጋግሞ!"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባልሽ እዚያ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን አደረገ?"

እንግዲህ እኔ ውሸት አልወድም። "ሳቀ" አልኩት።

ወዲያው ነርሷን ጠራ። ሲስተር ኖምሳ ትባላለች፤ ትከሻዋ በሩን ይሞላል። መጥታ በእኔና በደሴ መካከል ቆመችና "ሰር፣ ውጭ ጠብቅ" አለችው። ምስኪኑ ባሌ የአባትነት ፈገግታው ከፊቱ ሳይወርድ "ለልጁ ምርመራ ነው አይደል?" እያለኝ ወጣ። ውጭ ደግሞ ሴኩሪቲው ተቀበለው።

ሲስተር ኖምሳ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "ሲሲ፣ እህቴ፣ እዚህ ማንም አይነካሽም" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ሸሚዜን ገልጣ ፈለገች። አገላብጣ ፈለገች። ደም የለም፣ ቁስል የለም።

"ቢላዋው የገባው የት ጋ ነው?"

ቢላዋ?!

"ማንም አልወጋኝም!" ብዬ ጮህኩ፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ። "ሕመሙ ነው የወጋኝ! በእኛ ቋንቋ ሕመም ይወጋል!"

ዶክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። "ማዳም፣ በእንግሊዝኛም እኮ ይወጋል። ስታቢንግ ፔይን ይባላል።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን አለበት!

ከዚያ ጀርባዬን በእጁ መታ ሲያደርግ "ወይኔ እናቴ!" አልኩ። ለዚህኛው ትርጉም አልጠየቀኝም። ሽንት ታየ፣ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። የኩላሊት ጠጠር!

እርግዝና የለም።

መርፌ ወግተውኝ (ይሄኛው እውነተኛ ውጋት ነው!) ሕመሙ ሲበርድልኝ፣ ንዴቴ ጀመረ። በዶክተሩ ተናደድኩ፤ እንግሊዝኛው እንደዚያ እያማረ ምላሱ ለምን ፈረንሳይኛ ያማርጣል? በፈረንሳይኛ አስተማሪዬ ተናደድኩ፤ ድመቷ ጠረጴዛ ላይ መሆኗን ስንት ጊዜ አስደገመችን፣ ኩላሊት ግን የት እንዳለ ትንፍሽ አላለችም! በራሴማ የተናደድኩትን አትጠይቁኝ።

በሲስተር ኖምሳ ግን መናደድ አቃተኝ። እውነት የተወጋሁ ብሆን ኖሮ ከሷ ሌላ ማንን እፈልግ ነበር?

ስወጣ ደሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሏል። ሴኩሪቲው አጠገቡ ተቀምጦ ይመክረዋል። "ማይ ፍሬንድ፣ ሴት አትመታም። ስትናደድ ውጣና በእግርህ ተንሸራሸር።" ደሴ ደግሞ እየማለ "ኧረ እኔ ዶሮ እንኳ አላርድም!" ይለዋል።

ዶክተሩ ይቅርታ ጠየቀው። ሲስተር ኖምሳም ጨበጠችው፤ ጨብጣው ግን ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

መኪና ውስጥ ገባን።

"ህሉ፣ ምን ብለሽው ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ሳቁንም።

"ልጁስ?"

"ጠጠር ነው፣ ደሴ።"

መሪውን ይዞ ፊት ለፊት አየ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ እኮ..." አለ።

"አንተ ምን?"

"መስኮቱ ጋ ሆኜ ለእማዬ በሹክሹክታ ቮይስ ላክሁላት።"

አሁን አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። አጠገቤ የውሃ ጆግ አለ፤ ጠጥተሽ አስወጪው ተብያለሁ። ደሴ ስልኩን አጥፍቶ ሱቁ ሄዷል፤ ፈሪ! ስለዚህ አማቴ ከሆሳዕና የምትደውለው ለእኔ ነው። አላነሣሁም። ቮይስ ልካለች፤ እልልታው የእሷ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱም ነው። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ "ልጄ፣ ጎንበስ ቀና አትበይ፣ እሺ?" ትለኛለች።

እስኪ ፈረንሳይኛውን ተዉልኝና እርዱኝ፤ "እማማ፣ ጠጠር ነው" በአማርኛ እንዴት ተብሎ ይነገራል?