«ተኝተሻል?»

[ሳሎን፣ ከሰዓት በኋላ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኗ የተዘጋ ላፕቶፕ አለች። ባለቤቷ ፕሮግራመሩ አጎንብሶ ጆሮውን ለጥፎባታል። አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የእህቱን ልብስ የያዘ ሻንጣ አንጠልጥሎ ከመኝታ ቤት ይወጣል።]

ፕሮግራመር፦ ቀስ በል አልኩህ እኮ! ተኝታለች!

አማች፦ እሷማ እናታችን ቤት ናት። «እንቅልፍ ስጠግብ እመለሳለሁ» ብላ ነው ልብሷን አምጣ ያለችኝ።

ፕሮግራመር፦ እህትህን ማን አነሳ? ላፕቶፗን ነው የምልህ።

አማች፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይቅርታ ጋሼ። አሟት ነው?

ፕሮግራመር፦ ተኝታም ባትሪ ትበላለች። ማታ ጢም አድርጌ ሞልቼ አስተኛታለሁ፤ ጠዋት ስከፍታት ባዶ! ነገ አስተካክዬ ካላስረከብኩ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል።

አማች፦ ታዲያ ለምን አታጠፋትም?

ፕሮግራመር፦ ማጥፋትና ማስተኛት አንድ ነው እንዴ? የጠፋች ሀ ብላ ነው የምትጀምረው። የተኛች ግን ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አማች፦ እህቴም እንደዚያው ናት። በተለይ ጭቅጭቅ ከሆነ።

ፕሮግራመር፦ ስማኝ ዝም ብለህ። ውስጧ ከርነል የሚባል አለ፤ የቤቱ አባወራ በለው። ከመተኛቱ በፊት ካሜራውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ዋይፋዩን እየዞረ ያስተኛል። አንዱ እምቢ ብሎ ካመሸ፣ ባትሪውን እሱ በላው ማለት ነው።

አማች፦ ራቱን ሳይበላ ይሆናላ ተኛ የተባለው።

ፕሮግራመር፦ ኤዲያ! ይልቅ ማውሱን አስተኛልኝ።

አማች፦ [ማውሱን በጀርባው አጋድሞ] ተኛ።

ፕሮግራመር፦ ገመዱን ንቀለው ማለቴ ነው!

አማች፦ አስተኛው ነው ያልከኝ።

ፕሮግራመር፦ [ራሱ እየነቀለ] ካሜራው ተኝቷል። ድምፅ ማጉያው ተኝቷል። ዋይፋዩን ትናንት ስታገለው ውዬ አስተኝቼዋለሁ። ግን የሆነ ነገር ይቀሰቅሳታል። አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ!

[የላፕቶፗ መብራት ብልጭ ይላል፤ ማራገቢያዋ ጮኾ መልሶ ዝም ይላል።]

አማች፦ ይሄስ?

ፕሮግራመር፦ እሱን ተወው፤ እሱ የኔ ነው።

አማች፦ ያንተ ምን?

ፕሮግራመር፦ [ኮራ ብሎ] መቆጣጠሪያ ፕሮግራም። ራሴ ነኝ የጻፍኩት። በየአምስት ደቂቃው «ተኝተሻል?» ብሎ ይጠይቃታል።

አማች፦ እሷስ?

ፕሮግራመር፦ ትመልሳለቻ።

አማች፦ ተኝታ?

ፕሮግራመር፦ የተኛ ሰው ይመልሳል? መጀመሪያ ማንቂያ ይደወላል። አባወራው ይነሳል። ቤተሰቡን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ከዚያ ነው የምትመልሰው።

አማች፦ ምን ብላ?

ፕሮግራመር፦ «ነቅቻለሁ!» [በምሬት] ሁልጊዜ! አንድ ቀን እንኳ «ተኝቻለሁ» ብላኝ አታውቅም!

[አማች ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት ያስቀምጣል።]

አማች፦ ጋሼ፣ እህቴን ማታ ማታ ምን ታደርጋታለህ?

ፕሮግራመር፦ ምን አደርጋታለሁ? አስብላታለሁ እንጂ! እንቅልፍ እንዳጣች ስለማውቅ ነካ አድርጌ እጠይቃታለሁ።

አማች፦ ምን ብለህ?

ፕሮግራመር፦ «ተኝተሻ...»

[መብራቱ ብልጭ ይላል። ፕሮግራመሩ መብራቱን ያያል፤ አማቹን ያያል፤ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።]

ፕሮግራመር፦ ወይ ጉዴ።

አማች፦ እኔ ምንም አልወጣኝም።

ፕሮግራመር፦ [ላፕቶፗን ከፍቶ ፕሮግራሙን ያጠፋል፤ መልሶ ይዘጋታል።] ግን እኮ ካልጠየቅኳት መተኛቷን በምን አውቃለሁ?

አማች፦ የትኛዋን?

ፕሮግራመር፦ ሁለቱንም።

አማች፦ ዝም በላት፤ ዝም ካለች ተኝታለች።

[ዝም ብለው ይጠብቃሉ። መብራቱ ብልጭ አይልም። ማራገቢያዋም አይጮህም።]

ፕሮግራመር፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ] ተኛች! ሥራዬ ተረፈ! ... እህትህ ግን ናፍቃኛለች። በቃ አጥፍቻለሁ፤ ልደውልና ነይ ልበላት።

አማች፦ አሁን አይሆንም፤ ከእናታችን ቤት ስወጣ ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ነበር። ተኝታለች።

ፕሮግራመር፦ [ስልኩን እያነሳ] እርግጠኛ ነህ? እስቲ ደውዬ ልጠይቃት።

አማች፦ [ሻንጣውን መልሶ ያነሳል።] እንግዲያው የክረምት ልብሷንም ጨምርልኝ።