የዲንሳ መኪና ዝም ያለች ዕለት

ሰው የለመደውን ብልሽት ብልሽት አይለውም። በራችን ካልተነሣ የማይዘጋ ከሆነ እንግዳውን «ትንሽ አንሣ አድርገህ ግፋው» ብለን እናስተምረዋለን እንጂ አናጢ አንጠራም። እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም፤ የእኔን ብቻ አውርቼ እርስዎን ነጻ አላወጣም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ስንት የተሰበረ ነገር እንደነበረው እግዜር ይወቅ። በዚህ ጠባያችን እስቅ ነበር። የዲንሳ መኪና ከተሠራች ወዲህ ግን ሳቁ እምቢ ብሎኛል።

ዲንሳ ከእኛ ቀበሌ ኡኬ፣ ከኡኬ ነቀምቴ የሚያመላልሰን ሰው ነው። መኪናው ጭቃ የማትፈራ አሮጌ ጂፕ ናት። ክሮቼራዋ ግን ካለቀ ቆይቷል። ክሮቼራ ለማያውቅ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ እግር በሚወስደው ረጅም ብረት ጫፍ ላይ ያለች መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ ናት፤ እንደ ሰው ጉልበት ትታጠፋለች፣ እንደ ሰው ጉልበትም ስታረጅ ትንቋቋለች። ዲንሳ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከሆዷ ሥር «ቋ» ይላል። ዳገት ላይ ሲሆን «ቋ፣ ቋ»።

ክላክሷ የሞተው ከዚያ በፊት ነው፤ የፈለገውም ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ቋታ የሰማ ጫማውን ያጠልቃል፣ ሁለተኛውን ሲሰማ በሩን ይቆልፋል፣ መንገድ ላይ ሲደርስ መኪናዋም ደርሳለች። በእኛ ቀበሌ ደወልም ሆነ ስብሰባ እንደ እሷ የሚታመን የለም።

ኦቦ ገለታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ቤታቸው መኪናዋ ከምትቆምበት መገንጠያ ወረድ ብሎ ከጅረቱ ማዶ ስለሆነ ከመንገድ አይታይም። ነቀምቴ የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው ጥቂት ቀን ያክማሉ ተባለና ለእሳቸው የመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ ደረሳቸው። የእኔ ሥራ ልባሽ ጨርቅ ነው፤ ሐኪም ፊት የሚቀርቡበት ኮት ብለው መጡ። በእጃቸው ዳብሰው አንዱን መረጡና ቀለሙን ጠየቁኝ። ጥቁር ነው አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ዓርብ አየዋለሁ» አሉኝ።

ደግነታችን የመጣብን ይኼኔ ነው። ብረቱ መንገድ ላይ ወልቆ ቢወድቅ ሽማግሌው ቀናቸው ሊያልፍ አይደል? ዲንሳን በየተራ ያዝነው፤ አንዱ በምክር፣ አንዱ በእግዜር ስም፣ እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጨርቄን በሌላ መኪና አስጭናለሁ በሚል ማስፈራሪያ። ሌላ መኪና አለመኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ አስገባት። መካኒኩ አሮጌዋን ክሮቼራ በመዶሻ እየደበደበ አወጣት፤ እጆቿ ተበልተው ቦይ ሠርተዋል። አዲሷን ገጠመ፣ ግራሶ አጠጣት፣ ሌላ አንድ ዳገት የምትወጣ እንዳልነበረች ነግሮ አስደነገጠን። ዲንሳ አሮጌዋን ከመቀመጫው ሥር ወረወራት።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ እንደ ሙሽራ ዝም ብላ ሄደች። እኛ ግን እርስ በርስ እየተመሰጋገንን ዝም አላልንም። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ማንም የለም። ቆመን ተጣራን፤ ጅረቱ ዳር ያለው ወፍጮ ጩኸታችንን ዋጠው። ስልክ ደወልን፤ ስልካቸው ኡኬ ሱቅ ቻርጅ ላይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ቀኑ እንዳያልፋቸው ሰግተው ከትናንት ጀምሮ ነቀምቴ ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል አለ። ደስ የሚል ሐሳብ ስለነበር ሁላችንም አመንነው። ወርዶ ጅረቱን የተሻገረ የለም፤ የከተማ ጫማችንን አድርገናል።

ማታ ላይ ስንመለስ ባልና ሚስት መገንጠያው ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ጥቁሩን ኮት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ጎህ ሲቀድ ለብሰው ቋታውን ሲጠብቁ አርፍደው፣ እኩለ ቀን ላይ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እጃቸውን ይዘው እዚህ አደረሷቸው። ድምፃችንን ሲሰሙ ተነሡ።

«ያ ዲንሳ፣ ኮንኮላታን ኬ ኤሳ?» አሉ። መኪናህ የት አለ ማለታቸው ነው።

«ኩኖ» አለ ዲንሳ። ይኸው።

እጃቸውን ዘርግተው ኮፈኑን ዳሰሱት፤ ትኩስ ነው። «ሰገሌን ኢሳ ሆ?» አሉ። ድምፁስ?

ለእርስዎ ብለን አሠራነው ማለት ከስድብ ይከፋ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት በደግነት ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። አዴ ጫልቱ ቢረግሙን በቀለለን፤ እሳቸው ግን መንገዱ እንዴት ነበር ብለው ጠየቁን።

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አላገኘንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ሳምንት መፍትሔ ያላመጣ ሰው አልነበረም፤ ክላክስ ይጠገን፣ ስልኩ ሐሙስ ሐሙስ ቻርጅ እንዳይሰጥ፣ ሰው ይላክ። ዲንሳ ማንንም አልሰማም። ከመቀመጫው ሥር አሮጌዋን ክሮቼራ አወጣ፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በሽቦ አንጠልጥሎ አሰራት። ገንዘብ ከፍለን ያባረርነው ቋታ በነጻ ተመለሰ። የማያውቁት ተሳፋሪዎች ይኼን ነገር ለምን አታሠራውም ይሉታል፤ መንገዱን እያየ ይነዳል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ መገንጠያው ጋ ስንደርስ ኦቦ ገለታ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ቋታውን በሰዓቱ ይሰማሉ፣ በሰዓቱ ይወጣሉ። ሐኪሞቹ መጥተው እንደሆነ ይጠይቁናል፤ አልመጡም እንላለን፤ መርቀውን ይመለሳሉ። ባለፈው ሐሙስ ግን ወደ እኔ ድምፅ ዞር ብለው፣ ኮቱ ጥቁር ነው ያልከኝ አይደል አሉኝ። ፀሐዩና ዝናቡ ትከሻውን አመድ አስመስለውታል።

«ጥቁር ነው» አልኳቸው።

ዲንሳ ማርሽ አስገባ። ቋ አለ።