ኮሚቴው ስለ አሮጌው ዛፍ ያደረገውና ያላደረገው ስብሰባ

የመንገድ ዳር ችግኝ ተከላ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ነሐሴ 26
ቦታ፦ የኮሚቴው ክፍል ቆርቆሮ ስለሚያቃጥል፣ መንገዱ ዳር ባለው አሮጌ ዛፍ ጥላ ሥር
ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ
2. የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ በሰፈሩ አጠራር «ዶክተር»
3. ኢንጂነሩ፣ መለኪያ ገመድ ይዘው
4. ባለ ሱቋ
5. እማማ፣ የኢንጂነሩ አማት፤ ኢንጂነሩ የሚኖሩበት ቤት ባለቤት በመሆናቸው በራሳቸው መብት
6. ጸሐፊዋ

ያልተገኙ፦ የቀሩት አባላት በሙሉ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ሰባት ሰው ይጠይቃል። ስድስት በመሆናችን ሊቀመንበሩ አካባቢውን ቃኝተው፣ ከዛፉ ግንድ ሥር በስፌት መኪናው ሱሪ ሲያሳጥር የነበረውን ልብስ ሰፊ አዩ። «አንተም እዚያው ሆነህ ተሰብሰብ» አሉት። ልብስ ሰፊው ተከራይ እንጂ አባል እንዳልሆነ ገለጸ። «ለቁጥር ነው፣ ምንም አትሆንም» ተብሎ ሰባተኛ ሆኖ ተመዘገበ። የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበርም የእሱ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ የመጡት ችግኞች የት ይተከሉ?

ሊቀመንበሩ ችግኞቹ ከመጡ ሰነባብተዋል፣ በላስቲክ ውስጥ ሥሮቻቸው ሊታፈኑ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ተወስኖ ዛሬ ይተከል ሲሉ አሳሰቡ። ሁሉም አባላት ዛፍ እንደሚወዱ በየተራ ተናገሩ። ይህ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

በማን በር ላይ ይተከል የሚለው ሲነሳ ዶክተሩ ቅጠል መኪናቸው ላይ እንደሚረግፍ ገልጸው በራቸው እንዲታለፍ ጠየቁ። ባለ ሱቋ ጥላ ያለበት ሁሉ ሥራ ፈት እንደሚጎለት፣ የተጎለተም ምንም እንደማይገዛ አስረዱ። ኢንጂነሩ የማንም በር ቢሆን ግድ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን ረድፉ እንደ ገመድ ቀጥ ማለት እንዳለበት ተናገሩ። ገመዳቸውን ሲዘረጉ የራሳቸው በር ከረድፉ ውጪ ሆነ። ባለ ሱቋ ገመዱ እዚያ ጋ ሲደርስ ታጠፈ ብለው ሲቃወሙ ኢንጂነሩ ነፋስ ነው አሉ። ነፋስ አልነበረም። ሊቀመንበሩ እጃቸውን እንደ መስቀለኛ መንገድ ዘርግተው ሁለቱንም አስቆሙ።

በኮሚቴው ልማድ ከባድ ነገር ሁሉ ለቀረ አባል ይሰጣል። ጸሐፊዋም ጸሐፊ የሆነችው በባሏ ቀብር ምክንያት በቀረችበት ስብሰባ ነው። ስለዚህ ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ችግኞቹ በሙሉ ባልተገኙት አባላት በር ላይ እንዲተከሉ ተወሰነ። ኢንጂነሩ ያልተገኙት ሁሉ የሚኖሩት በመንገዱ አንድ ጫፍ ስለሆነ እዚያ ጫካ ይሆናል ቢሉም፣ «ቢመጡ ኖሮ ይከራከሩ ነበር» ተብሎ ታለፈ።

በዚህ ጊዜ ጥላው ስለሸሸ ስብሰባው አግዳሚውን ይዞ ወደ ግንዱ ተጠጋ። ችግኞቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ልብስ ሰፊው ተነስቶ፣ ልብስ ሲተኩስ ከሚረጭበት ጠርሙስ ውሃ አርከፈከፈባቸውና ወደ ጥላው አስገባቸው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ እንዳይረበሽ አስጠነቀቁት።

አጀንዳ ሁለት፦ አሮጌውን ዛፍ ስለ መቁረጥ

አጀንዳው ያልተያዘ ሲሆን በዶክተሩ ጥያቄ ተያዘ። ዶክተሩ ዛፉ ረድፉን እንደሚያበላሽ፣ አዲስ ዛፍ በሚተከልበት ሰፈር አሮጌ ዛፍ መቆሙም ዓላማውን እንደሚቃረን አብራሩ። ወፎች መኪናቸው ላይ ስለሚያደርጉትም ነገር በዝርዝር ተናገሩ፤ ዝርዝሩ አልተጻፈም። ኢንጂነሩ ገመዳቸው በግንዱ ምክንያት አላልፍ ማለቱን በማሳየት ደገፉ። ባለ ሱቋም ሱሪያቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ከሱቃቸው የሚወስዱት ነገር ቢኖር የመጠጫ ውሃ ብቻ መሆኑን ገልጸው ደገፉ።

ሊቀመንበሩ ዛፉ ከተቆረጠ ኮሚቴው የት እንደሚሰበሰብ ጠየቁ። ዶክተሩ በችግኞቹ ጥላ ሥር ሲሉ መለሱ። እስኪያድጉ ድንኳን እንዲከራይ ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ባለቤት ያለው ዛፍ እንዳይሆን በማሰብ ሊቀመንበሩ ማን እንደ ተከለው ጠየቁ። ዶክተሩ ወፍ ጥሎት የበቀለ ነው አሉ። በዚህ ጊዜ እማማ፣ ተኝተዋል ተብለው ሲታለፉ የቆዩት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «የምን ወፍ? የጸሐፊዋ ባል ነው የተከለው። ውሃ በባልዲ ከሩቅ በምንቀዳበት ጊዜ ለዛፍ ታፈሳለህ እያለች እንዴት ትጨቀጭቀው ነበር! እሱ እቴ፣ ፊቱን የታጠበበትን ይዞ በጓሮ ይወጣ ነበር» አሉ።

ጸሐፊዋ ይህ ከአጀንዳው ጋር ስለማይገናኝ እንዳይጻፍ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ የተባለ ሁሉ ይጻፋል ስላሉ ተጽፏል። ሟቹ ባለቤት መሆን ስለማይችሉ ዛፉ ባለቤት የለውም ተባለ።

ጥላው እንደገና ስለጠበበ ስብሰባው ዳግም ተጠጋ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ የቀጠለው ጉልበት ለጉልበት በመነካካት፣ በስፌት መኪናው ዙሪያ ነው። ዶክተሩ ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ነበር።

ልብስ ሰፊው ለመናገር ዕድል ጠይቆ ተሰጠው። የስፌት መኪናውን አቆመና እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እኔ ሱቅ የለኝም። ሰው ሱሪውን ይዞ ሲመጣ የሚመጣው ወደ ዛፉ ነው፤ ስሜን የሚያውቅ እንኳ የለም። ‹ዛፉ ሥር ያለው ሰፊ› ነው የሚሉኝ። ዛፉ ሲሄድ እኔ የት ያለሁት ሰፊ ልባል ነው?»

ባለ ሱቋ ጥያቄው ከባድ መሆኑን አመኑ። ሊቀመንበሩ በድንኳኑ ሥር ቢቀመጥስ ብለው ነበር፤ ድንኳኑ በስብሰባ ቀን ብቻ እንደሚከራይ ተገለጸላቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ይቆረጥ፦ ዶክተሩ፣ ኢንጂነሩና ባለ ሱቋ። አይቆረጥ፦ እማማ፣ ጸሐፊዋና ልብስ ሰፊው። ሊቀመንበሩ እንደ ልማዳቸው ድምፅ አልሰጡም። ኢንጂነሩ የአማታቸውን እጅ ለማውረድ ቢሞክሩ እማማ «በማን ቤት ነው ያለኸው ልጄ?» ስላሏቸው ተዉት።

ሦስት ለሦስት በመሆኑ ዶክተሩ ተነሱና «አንተ ሰውዬ፣ አንተ ደግሞ መቼ አባል ሆንክና ነው እጅህን የምታወጣው?» አሉ። ሊቀመንበሩም ልብስ ሰፊው አባል ባለመሆኑ እጁ እንዳይቆጠር አዘዙ። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። በሦስት ለሁለት ዛፉ ነገ ጠዋት እንዲቆረጥ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ የቀረ ነገር ካለ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አንድ እርማት እንዳለባት አስታወቀች። በመክፈቻው ላይ ልብስ ሰፊውን ቆጥራ «ሰባት» ብላ ስለጻፈች፣ አባል ካልሆነ «ስድስት» ብላ ታስተካክል እንደሆነ ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ ጣታቸውን እየዘረጉ የተቀመጡትን እንደገና ቆጠሩ።

ዶክተሩ ልብስ ሰፊው ለመቀመጥ ሰው፣ ለድምፅ ግን ሰው ያልሆነበት መንገድ ይፈለግ አሉ። ተፈልጎ አልተገኘም። ባለ ሱቋ እንግዲያው ይቆጠር፣ አሳዘነኝም አሉ። ኢንጂነሩ ከተቆጠረ ሦስት ለሦስት ነው፣ ሊቀመንበሩ ይለዩ አሉ። ሊቀመንበሩ ጎረቤት ከጎረቤት ከሚለዩ ስድስት ቢባል እንደሚመርጡ ገለጹ።

ስለዚህ የሚከተለው ተወሰነ፦ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ በዛሬው ስብሰባ ስለ ችግኞቹ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ዛፉ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ይህም ውሳኔ በዚሁ ስብሰባ ስለተወሰነ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን ኢንጂነሩ ቢያነሱም ሁሉም ርቧቸው ነበር።

ችግኞቹ ሰባት አባላት እስኪገኙ ድረስ በአሮጌው ዛፍ ጥላ ሥር እንዲቆዩ፣ ውሃ የሚያጠጣቸውም እንዲመደብ ሐሳብ ቀረበ። የቀረ ሰው እንዲመደብ ሲታሰብ ጸሐፊዋ እኔ አጠጣለሁ አለች። በኮሚቴው ታሪክ ተገኝቶ ሥራ የወሰደ ሰው ስለሌለ ሊቀመንበሩ ደግመው ጠየቋት። ደግማ አለች።

በመጨረሻም ሊቀመንበሩ፣ ሰባት የመሙላቱ ነገር አሳስቧቸው፣ ልብስ ሰፊው በሚቀጥለው ስብሰባ አባል ሆኖ ይገኝ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁት። ልብስ ሰፊው ቀኑ መቼ እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ያን ቀን ሥራ እንደሚበዛበት ተናገረ።

ጥላው ከግንዱ ሥር ጠቦ ከስፌት መኪናው በቀር ማንንም አልችል ስላለ፣ ያልተደረገው ስብሰባ ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ።

ጸሐፊዋ
(ፊርማ)