ጅዳን አልሰጥም

ሰው ብዙ ነገር ደብቆ መኖር ይችላል፤ ዕድሜውንማ በደንብ ይደብቃል። ሌላው የማያውቃት አንዲት ነገር ያወቀ ዕለት ግን ጉሮሮውን ይበላዋል። መንገድ ላይ ያስቆማችሁና «እስቲ ይህን መልሱ» ይላችኋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጥያቄ ጠይቄ፣ አልቃሾቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው ለሁለት ተከፍለው ተከራክረዋል። ሟቹም መልሱን ሳይሰማ መቀበሩ ሳይቆጨው አይቀርም። አትመኑኝ፤ ግን ስሙኝ።

እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ በዚህ በሽታ የተያዝነው ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ እኔና ልብስ ሰፊው ሙሄ። የምንታከመው እሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲሆን፣ ዳኛችን እዚያው አጠገቡ በርበሬና ጨው የምትሸጠው ጦይባ ናት። ሕጉን እናንተም በልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ነው፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። አገሩን የተቀበለው ደግሞ እዚያ እንዴት እንደነገሠ፣ ተሸናፊውም በዚያው አገር የማን በቅሎ ጠባቂ፣ የማን ሎሌ እንደሆነ እየዘረዘረ ያሽሟጥጠዋል። ሙሄ እኔን ያላስጠበቀኝ በቅሎ የለም።

የእኔ ጥያቄ ስለ ሙዚቀኞች ነው። በወጣትነቴ ለአንድ የኪነት ቡድን ድምፅ ማጉያ እሸከም ነበር፤ ማጉያው አንድ በሬ ያህላል፣ ኧረ ሁለት። እናም የትኛው ድምፃዊ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ጥሬ እንቁላል እንደሚጠጣ፣ የትኛው ማሲንቆ መቺ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘፈነ ሸላሚውን ከሩቅ እንደሚያይ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። የሙሄ ጥያቄ ግን ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች ነው። አዎ፣ ቤዝቦል! ልጁ ዘምዘም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ አሜሪካ ኖረው የመጡ ናቸውና ልጆቻቸው ከቴሌቪዥኑ ፊት አይነሡም። እሷም ሳህን እያጠበች የሰማችውን ሁሉ በድምፅ መልእክት ለአባቷ ትልክለታለች።

«አንዱ ይወረውራል፤ አንዱ በዱላ ይመታል» ብሎ አስረዳኝ ሙሄ። «የመታው አራት ማዕዘን ዞሮ ወደተነሣበት ይመለሳል። የተነሣበትን ቤት ይሉታል።»

«ይኼማ የገና ጨዋታ ነው» ብዬ ናቅሁት። ንቀቴ ኩታበርን የሚያህል አገር አሳጣኝ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ፊቱን በብረት ወንፊት ሸፍኖ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ የሚወረወርበትን ሁሉ እየተቀበለ የሚውል ማን ነው?»

«ማር ቆራጭ!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ፤ ጣሪያው እስካሁን አልተጠገነም። ለካ ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው ኖሯል። በሳምንቱ ማሻን አስረከብሁ። ቀጥሎ አምባ መቅደላን ከነአቀበቱ! «ጋሼ፣ እንግዲህ ከቤትዎ ለመውጣትም የጋሽ ሙሄን ፈቃድ ሊጠይቁ ነው» አለችኝ ጦይባ።

ከዚያ በአንዱ የገበያ ቀን ሙሄ ያንኑ የብረት ወንፊት ጥያቄ ደገመው። በሳምንቱም ደገመው። ደስታዬን ብነግራችሁ አታምኑም! ምንጩ ነጥፏል ብዬ በሙዚቀኞቼ ዘመትሁበት። አንድ እንቆቅልሽ ጠየቅሁት፤ ለመገመት እንኳ አልሞከረም። ዓይኑ ከስፌት መኪናው ጎን ካስቀመጠው ስልክ አይነቀልም።

«አላውቅም» አለኝ።

«አገር ስጠኝ!»

«ደሴን ውሰድ።»

«ደሴ ምን ያደርግልኛል? ጅዳን ስጠኝ!»

መቀሱን አስቀመጠ። «ጅዳን አልሰጥም።»

«ሕግ ነው እኮ!»

«ወላሂ አልሰጥም! የሙሄ ዘር ገረዴ ሆነች እያልህ ልትሥቅ ነው? እሱን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።»

ጦይባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዘምዘም ድምጿ ከጠፋ አርባ ቀን አለፈ» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ምንጩ ነጠፈ ብዬ ስጨፍር የነበረው ለካ በሰው ልጅ ዝምታ ነው። «አብሽር ሙሄ» አልሁት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየሄድሁ አጠገቡ እቀመጥ ጀመር። ጥያቄ የለም፤ አገር የለም። እሱ ይሰፋል፤ እኔ ስልኩን አያለሁ።

በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር ነበር። ሙሄ ለማንሣት ሲጣደፍ ድምፁን ለገበያው ሁሉ ከፈተው።

«አባዬ!»

«ዘምዘሜ! ደህና ነሽ? በአላህ፣ ደህና ነሽ?»

ደህና ነበረች። ስልኳ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ውስጥ ወድቆባት፣ ሌላ እስክታገኝ ነው የጠፋችው። «አልሀምዱሊላህ!» አለ ሙሄ፤ ደጋግሞ አለው፤ እኔም አብሬው አልሁ። የጦይባን እልልታ ማሻ ላይ የሰሙ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ነጭ ለብሰው ወጥተዋል።

«ጋሼ አሉ እዚያ?» አለች ዘምዘም። «ለሳቸው እንቆቅልሽ አለኝ።»

«ምን አውቅልሽ!» ብዬ ስጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ።

«ኳሱን በዱላው ሳይነካ፣ አንዲት እርምጃ ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ ዞሮ ቤቱ የገባው ተጫዋች እንዴት ገባ?»

«ጉቦ ሰጥቶ!»

ሣቀች። ሙሄ ያንን ሣቅ ሲሰማ ፊቱን ለአንድ ደንበኛ በለካው ሱሪ ሸፈነ።

«በቅሎ ተከራይቶ!»

«አይደለም! በሉ አገር ስጡኝ።»

ለማንም ሰጥቻት የማላውቀውን መካነ ሰላምን ራሷን ሰጠኋት። «መልሱንስ?» አላት አባቷ። «መልሱን ሐሙስ ስደውል እነግራችኋለሁ» ብላ ዘጋች።

የሱሪው ባለቤት ወጣት መምህር ነው፤ «ይኼማ ኢንተርኔት ላይ አለ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ሦስታችንም ባንድ ላይ ጮኽንበት። ጦይባ ስልኩን ነጥቃ ጨው ከረጢት ውስጥ ቀበረችው።

ሐሙስ ደወለች። መልሱን ልትነግረን ስትል፣ «ቆይ፣ ትንሽ እናስብበት» አልኋት። ሙሄም «አዎ፣ ትንሽ ያስብበት፤ እስከ ሐሙስ» አለ። ይኸው ስንት ሐሙስ አሰብሁበት! እናንተ መልሱን የምታውቁ ካላችሁ በዚህ በኩል ስታልፉ አፋችሁን ያዙ። ሱሪያችሁን አሳጥሩ፣ በርበሬያችሁን ግዙ፣ በሰላም ሂዱ።